«ሻቶ»፣ «ክሩ»፣ «ሚሌዚም»፦ ስለ ኦ-ብሪዮን የወይን ይዞታና ስለ ሙያ ቃላቱ አተረጓጎም

ስለ ታወቁት የፈረንሳይ ቀይ የወይን ጠጆች የሚናገር ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ተርጓሚውን የሚያሰናክሉት ቃላት ብዙውን ጊዜ ቀላል መስለው የሚታዩት ናቸው። የወይን ዝርያ፣ የከተማና የባለቤት ስም በድምፁ ተጽፎ ያልፋል። «ሻቶ»፣ «ክሩ»፣ «ቴሯር»፣ «ሚሌዚም» የተባሉት ግን በማንኛውም የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት በአንድ መስመር ፍቺ ስለሚገኝላቸው ተርጓሚው ሳይጠራጠር ፍቺውን አንሥቶ ያሰፍራል። ፍቺው በራሱ ሐሰት አይሆንም። ይሁን እንጂ እነዚህ ቃላት ዛሬ በወይን ጠጅ ሙያ የያዙትን ትርጉም ያገኙት በአንድ አካባቢ በተፈጸመ ረጅም ታሪክ በመሆኑ፣ ታሪኩን ያላወቀ ሰው መዝገበ ቃላቱን ተከትሎ የተሳሳተ ዐረፍተ ነገር ሊጽፍ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ቃላቱን የምንመረምረው በአንድ ይዞታ ታሪክ አማካይነት ነው። ይዞታው በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከቦርዶ ከተማ አጠገብ፣ ፔሳክ በተባለው ሥፍራ የሚገኘው ሻቶ ኦ-ብሪዮን ነው። በክብር የሚስተካከሉት ሌሎች ይዞታዎች አሉ፤ እሱን የመረጥነው ከላይ የጠቀስናቸው ቃላት አብዛኞቹ በታሪኩ ውስጥ ሲያልፉ ስለሚታዩ ነው። ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው፤ ይህን አስቀድመን ማሳሰባችን ያለ ምክንያት አለመሆኑ ወደ መጨረሻው ላይ ይታያል።

ስለ ቦርዶ የወይን ጠጅ በአማርኛ መጻፍ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መነሻው ቦርዶ የሆነው የካስቴል ኩባንያ በዝዋይ አካባቢ ወይን ተክሎ በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ «ሜርሎ»፣ «ሲራ»፣ «ካበርኔ ሶቪኞን» የሚሉት ስሞች በምግብ ቤት ዝርዝርና በማስታወቂያ ላይ በፊደላችን ሲጻፉ እናያለን። ስሞቹ ከገቡ ዘንድ አብረዋቸው የሚጓዙት የሙያ ቃላት መግባታቸው አይቀርም። ሥርዐት ሳይበጅላቸው ከገቡ ደግሞ እያንዳንዱ ጸሐፊ በየፊናው ይጽፋቸዋል።

በመጀመሪያ የይዞታውን ስም እንመልከት። ፈረንሳዮች ሲጽፉት በመነሻው «ህ»ን፣ ከ«ብሪዮን» በፊትም «ት»ን የሚወክሉ ፊደላት ያሰፍራሉ፤ ሲናገሩት ግን ሁለቱም አይሰሙም። በመጨረሻው ያለው በአፍንጫ የሚነገር አናባቢ በአማርኛ ስለሌለ «ን»ን መጨመር ግድ ይሆናል። ስለዚህ «ኦ-ብሪዮን» ብለን እንጽፋለን። «ሀውት ብሪዮን» የሚለው ፊደልን በፊደል ከመተካት የመጣ አጻጻፍ ነው፤ የይዞታው ሰዎች ቢሰሙት የራሳቸው ስም መሆኑን አያውቁትም። የመጀመሪያው ክፍል «ከፍተኛ» ማለት ነው። «ብሪዮን» የተባለውንም ጉብታን ከሚያመለክት ጥንታዊ የኬልቶች ቃል ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ መሬቱ የጠጠር ጉብታ ስለሆነ ግምቱ ከቦታው ጋር ይስማማል።

ስሙን በትክክል የመጻፍ ችግር በእኛ አልተጀመረም። በ1521 የተጻፈ ሰነድ «ኦብሪዮን» ከተባለ ቦታ ስለሚገኝ የወይን ጠጅ ይጠቅሳል። በ1660 እና በ1661 የእንግሊዝ ንጉሥ የዳግማዊ ቻርልስ የጠጅ ቤት መዝገብ ጠጁን «ሆብሪዮኖ» ይለዋል። የለንደኑ ባለ ሥልጣን ሳሙኤል ፒፕስ በአፕሪል 1663 በዕለት ማስታወሻው «ሆ ብርያን» የተባለ የፈረንሳይ ጠጅ መቅመሱንና ከዚያ በፊት አጋጥሞት የማያውቅ ልዩ ጣዕም እንዳገኘበት ጽፏል። በ1787 ቦርዶን የጎበኘው፣ በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን ደግሞ ለዘመዱ በላከው ደብዳቤ «ኦብሪዮን» ሲል፣ ከአራቱ የቦርዶ ታላላቅ የወይን ቦታዎች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። አጻጻፉ በየጸሐፊው ይለዋወጥ እንጂ አራቱም ምንጮች የሚጠሩት አንድ ቦታን ነው።

ይህ ነጥብ ትኩረት ያሻዋል። የቦርዶ አገር ከ1152 ጋብቻ ጀምሮ እስከ 1453 ድረስ ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር የተያያዘ ስለነበረ፣ ጠጁ በለንደን እንግዳ አልነበረም፤ ነገር ግን የሚጠራው በጅምላ ስም ነበር። እንግሊዝኛ «ክላሬት» የሚለው ከፈረንሳይኛው «ክሌሬ» የመጣ ሲሆን፣ መነሻ ፍቺው ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ጠጅ ማለት ነው። (ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው «ክላሬት» ብሎ ባያልፈው እንመርጣለን፤ ዛሬ ቃሉ የሚያመለክተው የቦርዶን ቀይ የወይን ጠጅ ስለሆነ እንዲሁ ይባል።) ፒፕስ የመዘገበው ለውጥ እንግዲህ ጠጅ በሀገር ወይም በወደብ ስም መጠራቱ ቀርቶ በአንድ ይዞታ ስም መጠራት መጀመሩን ነው። ዛሬ በዓለም ገበያ ውድ የሆኑት የቦርዶ ስሞች ሁሉ በዚህ ልማድ የሚጠሩ ናቸው።

ይዞታውን ያደራጀው ዣን ደ ፖንታክ የተባለ የቦርዶ ባለ ሥልጣን ነው። በ1525 ዣን ደ ቤሎን የተባለችውን ሴት ሲያገባ በዚህ ሥፍራ ያለ መሬት ከእሷ ጋር መጣለት። የሁለቱ ስም በፈረንሳይኛ በድምፅ ይለያል፤ የመጀመሪያው በአፍንጫ ይነገራልና፤ በፊደላችን ግን አንድ ሆነው ይቀራሉ። ከሙሽሪት ጋር የመጣውን ሀብት «ጥሎሽ» እንዳንለው ደግሞ በልማዳችን ጥሎሽ ከወንዱ ወገን ወደ ሴቲቱ የሚሄድ ስለሆነ አቅጣጫው ይገለበጣል። በ1533 የቦታውን የባላባት ቤት በግዢ ጨመረ፤ በ1549 ዛሬ በጠርሙሱ ወረቀት ላይ የሚታየውን ቤት ማሠራት ጀመረ። ሦስት ጊዜ አግብቶ፣ ዐሥራ አምስት ልጆች ወልዶ፣ በ1589 በ101 ዓመቱ እንደሞተ የይዞታው ታሪክ ይናገራል።

በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ይዞታው የቦርዶ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በነበረው በአርኖ ደ ፖንታክ እጅ ነበር። ጠጁን በቦታው ስም ለእንግሊዞች ያስተዋወቀው እሱ ነው። ለንደን በ1666 ከተቃጠለች በኋላ ልጁ ፍራንስዋ-ኦጉስት በዚያች ከተማ «የፖንታክ ራስ» የተባለ ምግብ ቤት ከፈተ፤ ቤቱ የመኳንንትና የሊቃውንት መሰብሰቢያ ሆነ። ከዚህም የተነሣ በዘመኑ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ጠጁ አንዳንድ ጊዜ በቦታው ስም፣ አንዳንድ ጊዜ «ፖንታክ» ተብሎ በባለቤቱ ስም ተጠርቶ ይገኛል። የባለቤቱ ስም ከገበያው ጠፋ፤ የቦታው ስም ቀረ።

ከፖንታክ ቤተ ሰብ በኋላ ያለውን ፈጠን ብለን እንለፈው። ይዞታው በጋብቻና በውርስ ወደ ፉሜል ቤተ ሰብ ተሻገረ። ባለቤቱ ዦዜፍ ደ ፉሜል በአብዮቱ ዘመን በ1794 በጊዮቲን ተገደለ። በ1801 የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ታሌይራን ገዛው፤ በ1804 ለቀቀው። በ1836 ላርዩ የተባለ ሰው ጨረታ አሸንፎ ወሰደው። በ1935 ክላረንስ ዲሎን የተባለ አሜሪካዊ የባንክ ባለሙያ ገዛው፤ እስከ ዛሬም በዘሮቹ ኩባንያ ሥር ይገኛል።

ይህን ተከታታይ ዝውውር የዘረዘርነው «ዶሜን» ስለሚባለው ቃል ለመናገር ነው። አንዳንድ ተርጓሚዎች ረጅም ዕድሜ ያለውን የወይን ይዞታ «ርስት» ብለው ይተረጉማሉ። ቃሉ ክብደት አለው፤ ለጆሮም ይስማማል። በመጽሐፈ ነገሥት ናቡቴ የወይን ቦታውን ለአክዓብ አልሰጥም ያለው ርስቱ ስለሆነ ነው። ችግሩም ከዚሁ ይነሣል። ርስት ከአንድ አባት መወለድን መሠረት ያደረገ መብት ነው፤ በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዐቱን ከሻረው በኋላ እንኳ ቃሉ ይህን ትዝታ ይዞ ቀርቷል። ኦ-ብሪዮን ግን በጋብቻ፣ በግዢ፣ በውርስ፣ በሐራጅ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል፤ የፖንታክ ዘር ዛሬ በመሬቱ ላይ የለም። ናቡቴ እምቢ ያለውን ነገር የኦ-ብሪዮን ባለቤቶች ደጋግመው አድርገውታል። ስለዚህ «የወይን ይዞታ» ወይም ባጭሩ «ይዞታ» የሚለውን እንመርጣለን። ይዞታው ያቆየውን ሲያመለክቱ «ቅርስ» ማለት ይቻላል፤ «የቤተ ሰቡ ውርስ» ማለት ግን የትኛው ቤተ ሰብ የሚል ጥያቄ ያስከትላል። በአምስት መቶ ዓመታት ውስጥ ሳይቋረጥ የቆየው የቦታው ስምና በዚያ ቦታ ወይን የመትከሉ ሥራ ነው።

አሁን ወደ «ሻቶ» እንመለስ። ቃሉ ምሽግን ከሚያመለክተው የላቲን «ካስቴሉም» የወረደ ነው። ከምሽግ ወደ መኳንንት መኖሪያ፣ ከመኳንንት መኖሪያም በቦርዶ አካባቢ ወደ ወይን ይዞታ ፍቺው እየተሸጋገረ መጥቷል። አማርኛ ለመጀመሪያው «አምባ» ወይም «ምሽግ»፣ ለሁለተኛው «ግንብ» አለው፤ የጎንደሩን የፋሲል ግንብ የሚያውቅ አንባቢ ሁለተኛውን ፍቺ ለመሳል አይቸገርም። ሦስተኛው ፍቺ ግን ግንብ አይጠይቅም። ተራ ቤትና መጋዘን ብቻ ያለው የቦርዶ ይዞታ «ሻቶ» ተብሎ ይጠራል። ኦ-ብሪዮን በእርግጥ የ1549 ቤት አለውና «ግንብ» ቢባል ብዙ አያጣላም ነበር፤ ተርጓሚው ግን በዚያው ገጽ ሌሎች ሃያ «ሻቶ»ዎች ሲያጋጥሙት ሃያ ግንብ ሊያቆምላቸው ነው። ማዕረጉ በስም ላይ መጨመሩም ቢሆን የቆየ ልማድ አይደለም፤ በ1855 በወጣው ዝርዝር አብዛኞቹ ይዞታዎች ያለ «ሻቶ» ነው የተጻፉት። እንግዲህ በተጸውዖ ስም ውስጥ «ሻቶ» እንዳለ ይቀመጥ፤ በተራ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ይዞታ» ይባል፤ ሕንጻውን ብቻ ሲያመለክት «ግንብ» ወይም «ቤት» ይባል። በነገራችን ላይ ከዚሁ የላቲን ቃል የወረደ ሌላ ቃል በከተሞቻችን ከታወቀ ቆይቷል፤ «ካስቴል» በደቡብ ፈረንሳይ ቋንቋ ሻቶ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ በቢራ ስምነቱ ይታወቃል።

«ክሩ» ከሁሉም ይበልጥ የሚያስቸግር ቃል ነው። «ማደግ፣ መብቀል» ከሚለው የፈረንሳይኛ ግስ የወጣ ሲሆን ቃል በቃል «የበቀለ» ማለት ነው። በመጀመሪያ በአንድ ቦታ የበቀለውን ወይን፣ በኋላም ቦታውን ራሱን፣ ቀጥሎም የቦታውን ማዕረግ ለማመልከት ዋለ። አማርኛ ከዚሁ ሐሳብ ተነሥቶ የሠራቸው ቃላት አሉት፤ አለመታደል ሆኖ ሁሉም በሥራ ተይዘዋል። «ብቅል» ከ«በቀለ» የወጣ የመጠጥ ቃል ነው፤ ነገር ግን ለጠላ የሚበቅለው እህል ይዞታል። «ሀገር በቀል» በሚለው ጥምር ውስጥ ያለው «በቀል» ከ«ክሩ» ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ብቻውን ሲቆም ግን በጽሑፍ ከቂም በቀል አይለይም። «አንደኛ በቀል» የሚል የጠርሙስ ጽሑፍ ያነበበ ሰው ሁለተኛውን ለመጠበቅ ድፍረት አይኖረውም። «አብቃይ» ደግሞ ሰውን እንጂ ቦታን አያመለክትም። በዚህ ምክንያት «ክሩ»ን በውሰት መቀበልን መርጠናል። መዋስን የቋንቋ ድህነት አድርገው የሚያዩ ባልደረቦች አሉ፤ እንግሊዞች ቃሉን ቃል በቃል ተርጉመው «ዕድገት» እንደማለት ያለ ቃል ሠርተውለታል፤ ቃሉን የሚረዳው ግን ሙያውን አስቀድሞ የሚያውቅ ብቻ ነው።

ማዕረጉ እንዴት እንደተሰጠ ማወቅም ለትርጉሙ ያስፈልጋል። በ1855 በፓሪስ ለተዘጋጀው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን፣ በናፖሌዎን ሣልሳዊ ዘመነ መንግሥት፣ የቦርዶ የንግድ ምክር ቤት የከተማዪቱን ደላሎች የጠጆቹን ደረጃ እንዲያወጡ ጠየቀ። ዳግማዊ ቴዎድሮስ ከነገሡ ሁለት ወር ያህል በኋላ፣ በአፕሪል፣ ደላሎቹ ዝርዝሩን አቀረቡ። ቀዮቹን ጠጆች በአምስት ደረጃ ሲመድቡ መመዘኛቸው ጠጆቹ ለረጅም ጊዜ በገበያ ያወጡት ዋጋ ነበር። በአንደኛው ደረጃ አራት ብቻ ገቡ፦ ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎና ኦ-ብሪዮን። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ፣ በየደረጃው ካሉት ቀዮች ሁሉ ጋር፣ ከሜዶክ አውራጃ ናቸው፤ ኦ-ብሪዮን ብቻ ከግራቭ ነው። ሙቶን በ1973 ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ከፍ ሲል ቁጥራቸው አምስት ሆነ። «ፕሮሚዬ ክሩ» እንግዲህ «አንደኛ ክሩ» ይባል፤ «ምርጥ»፣ «ልዩ»፣ «ንጉሣዊ» የሚሉት ቅጽሎች የማስታወቂያ ቃላት ስለሆኑ የሕጋዊ ምድብን ስም ሊተኩ አይገባም። በዚህ ላይ መላላት አደጋ አለው፤ ምድቡ የዋጋና የሕግ ውጤት ያለው ሲሆን በትርጉም ስሕተት ያልተሰጠ ማዕረግ መስጠት ገዢን ማሳሳት ነው።

ከግራቭ መባሉ ወደ «ቴሯር» ይወስደናል። «ግራቭ» ራሱ በፈረንሳይኛ ጠጠር ማለት ነው፤ የአውራጃው ስም የአፈሩ ስም ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1677 ኦ-ብሪዮንን በጎበኘ ጊዜ ነጭ አሸዋ ከጥቂት ጠጠር ጋር የተቀላቀለበት፣ ምንም የሚያበቅል የማይመስል መሬት ማየቱን ጽፏል። ነጋዴዎቹም በቦይ ብቻ ከሚለየው፣ አፈሩ ለዐይን አንድ ከሆነው የጎረቤት ማሳ የሚገኘው ጠጅ ከዚህኛው እጅግ እንደሚያንስ ነገሩት። ለ«ቴሯር» ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም። ቃሉ አፈርን ብቻ የሚያመለክት ቢሆን ኖሮ ሎክ ልዩነቱን ባየ ነበር፤ ቃሉ አፈርን፣ የከርሠ ምድሩን አቀማመጥ፣ የውኃውን አወራረድ፣ የፀሐዩንና የነፋሱን ሁኔታ፣ በዚያ ቦታ ለብዙ ዘመን የሠራውን እጅ ጭምር ያጠቃልላል። በኦ-ብሪዮን ጠጠሩ ውኃውን ወደ ታች ይለቃል፤ የወይኑ ሥር እርጥበት ፍለጋ ጠልቆ ይወርዳል፤ ዛሬ ደግሞ ከተማው ይዞታውን ዙሪያውን ስለከበበው የከተማው ሙቀት ፍሬውን ያፋጥነዋል። «አፈር» ስለዚህ ይጠብባል፤ «መልክዐ ምድር» ለጂኦግራፊ ተይዟል። «ጠባየ ቦታ» የሚለውን እናቀርባለን። የአዳን ጤፍ ከሌላ ጤፍ፣ የይርጋጨፌን ቡና ከሌላ ቡና የሚለይ ሕዝብ ሐሳቡን ለመረዳት ማብራሪያ አይጠይቅም፤ የጎደለው ስሙ ብቻ ነው።

የጠባየ ቦታ ሕጋዊ ገጽታ «አፔላስዮን» ነው። ፈረንሳይ በ1935 በሕግ አደራጅታዋለች፤ ኦ-ብሪዮን ያለበት አካባቢም በ1987 ከግራቭ ተለይቶ «ፔሳክ-ሌኦኛን» የተባለ የራሱን ስያሜ አግኝቷል። ለዚህ «የአመጣጥ ስያሜ» እንላለን። ቃሉን «የንግድ ምልክት» ከሚለው ማምታታት አይገባም፤ ምልክት የባለቤት ነው፤ የአመጣጥ ስያሜ ግን በቦታው ያሉ ሁሉ በሕጉ መሠረት የሚጋሩት ነው። ልዩነቱ ለእኛም የፍሬ ነገር ልዩነት ነበር፤ ኢትዮጵያ የይርጋጨፌን፣ የሲዳማንና የሐረርን ቡና ስም በውጭ ሀገር ለማስጠበቅ ስትነሣ የመረጠችው የንግድ ምልክትን መንገድ ነው።

በጠጅ ቤቱ ውስጥ ለሚደረገው ሥራ ግን ከፈረንሳይኛ የምንዋሰው ጥቂት ነው። ጠጅ ጥሎ፣ ጠላ ጠምቆ የኖረ ሕዝብ ቃላቱን አዘጋጅቶ ቆይቷል። በመጀመሪያ ተክሉን «ወይን»፣ ፍሬውን «የወይን ፍሬ»፣ መጠጡን «የወይን ጠጅ» እያልን ብንለያቸው በግእዙ «ወይን» ውስጥ አንድ ላይ የነበሩት ሦስቱ ፍቺዎች አይደባለቁም። «ወይን ጠጅ» ብቻውን ሲሆን የቀለም ስምም ስለሆነ «ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቀይ የወይን ጠጅ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሊመጣ ይችላል፤ ያስቃል እንጂ ስሕተት የለበትም፤ ወጣት የቦርዶ ጠጅ በእርግጥ እንዲሁ ይመስላል። በሥራው መጨረሻ በጋኑ ግርጌ የሚዘቅጠው «አምቡላ» ነው፤ ጠጁን ከአምቡላው እየለዩ ወደ ሌላ በርሜል መገልበጥ በኦ-ብሪዮንም የሚሠራ ነው። «መፍላት» ለእሳቱም ለእርሾውም ያገለግላል፤ ዐውዱ ይለየዋል። ኦ-ብሪዮን በ1961 የማይዝጉ የብረት ጋኖችን በማስገባት ከታላላቆቹ ይዞታዎች ቀዳሚ ነበር፤ «ጋን» ከሸክላ ወደ ብረት መሸጋገሩ ቃሉን አይጎዳውም። የሜርሎን፣ የካበርኔ ሶቪኞንንና የካበርኔ ፍራንን ጠጅ በመጠን ማዋሐድ፣ «አሳምብላዥ» የሚባለው፣ «ድብልቅ» ቢባል ማጭበርበር ያስመስለዋል፤ «ቅመራ» ልኬትንና ሙያን ስለሚያመለክት ይሻላል።

በአንድ ቃል ግን የጓዳችን ቋንቋ ሊያሳስተን ይችላል። ኦ-ብሪዮን ለዋናው ጠጅ ያልተመረጠውን ክፍል «ሁለተኛ ጠጅ» አድርጎ በሌላ ስም ያወጣዋል፤ ስሙ ቀድሞ «ባአን ኦ-ብሪዮን» ነበር፤ ከ2007 ለቀማ ጀምሮ «ለ ክላረንስ ደ ኦ-ብሪዮን» ሆኗል። ይህን «ሁለተኛ ክሩ» ብሎ የተረጎመ ሰው ከ1855ቱ ዝርዝር ሁለተኛ ደረጃ ጋር ያጋጨዋል። «ቅራሪ» ያለ ሰው ደግሞ ውኃ ተጨምሮበት ዳግመኛ የተቀዳ ያስመስለዋል፤ ጠጁ ግን ከዚያው ማሳ፣ በዚያው ለቀማ የተገኘ ነው። «የይዞታው ተከታይ ጠጅ» ቢባል ከሁለቱም ስሕተት ያድናል።

የቀረን «ሚሌዚም» ነው። ቃሉ ሺህን ከሚያመለክተው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን በሳንቲም ላይ የሚቀረጸውን የዓመት ቁጥር ለማመልከት ውሏል፤ በወይን ጠጅ ሙያ ፍሬው የተለቀመበትን ዓመት ያሳያል። ቡናን እንደምንለቅም ወይንንም እንለቅማለንና «የለቀማ ዓመት» የሚለው ይበቃዋል። አስቸጋሪው ቃሉን የሚከተለው ቁጥር ነው። ታሪክ ሲተረጎም ዓመቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ የተለመደ ነው፤ የወይን ለቀማ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ዓመታችን በሚለወጥበት ወር ነው። በሴፕቴምበር አጋማሽ 1961 የተለቀመ ፍሬ ያበበውና ያፈራው በ1953 ዓ.ም. ነው፤ የተለቀመው ደግሞ በ1954 ዓ.ም. ነው። የ1989ኙ፣ ኦ-ብሪዮን ከሠራቸው ጠጆች ሁሉ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ የሆነው፣ ይበልጥ ያስቸግራል። በዚያ ዓመት ሙቀቱ ስለ በረታ በቦርዶ አካባቢ ለቀማው ከወትሮው ቀድሞ በኦገስት መጨረሻ ተጀምሮ እስከ ሴፕቴምበር ቀጠለ፤ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 1981 ተነሥቶ ወደ መስከረም 1982 የተሻገረ ለቀማ ማለት ነው። በአንድ ጠርሙስ ላይ የተጻፈ አንድ ቁጥር ሁለት ዓመት ሆኖ ሊመለስ ነው። ከዚህም በላይ የለቀማ ዓመት በከፊል ስም ነው፤ ገዢ ጠርሙሱን በእሱ ይለየዋል፤ ሐራጅ በእሱ ይካሄዳል።

ስለዚህ የለቀማ ዓመት አይመለስ። በጠርሙስ ወረቀት ላይ ቁጥሩ በተለመደው አኃዝ እንዳለ ይገልበጥ፤ በግእዝ አኃዝ መጻፍ አንባቢውን በእኛ አቆጣጠር የተሰጠ እንዲመስለው ያደርጋል። በተራ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «እ.ኤ.አ. የ1989 ለቀማ» ይባል። በግዢ ሰነድና በጉምሩክ ወረቀት ላይ፣ የሰነዱ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ፣ ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ገጽ ስለሚገናኙ ከጠጁ ቁጥር በፊት «የለቀማ ዓመት»፣ ከቁጥሩ በኋላም «እ.ኤ.አ.» ሳይታከት በየረድፉ ይጻፍ።